የተሰፋው መስኮት

ከዐይኔ አፍንጫዬ ቀደመ። ልጁ ከባጃጅ ላይ ያወረደውን ጥቅል ሸራ ከሱቄ ደጃፍ ላይ ሲፈታው እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ክር በሰም እያሸሁ ነበር። ሰም፣ የቆየ ቤንዚን፣ የበቆሎ አቧራና ትንሽ የአይጥ ነገር ተደባልቆ መጣና እጄ ባለበት ቆመ። አሁን የምንሰፋው ሁሉ ፕላስቲክ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ አዲስ ጫማ ይሸታል፣ በሁለት ክረምት ደግሞ ይፈረፈራል። ይህኛው የድሮ የጥጥ ሸራ ነው። ስሜ ታደሰ ነው፤ ከተማው ግን «ታደሰ ሸራ» ይለኛል፣ የአባቴን ስም የሚያውቅ ቢኖር ቀበሌ ብቻ ነው። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ነቀምቴ የቀረ ነጋዴ ነበር፣ እኔም እሱ በቀረበት ቀረሁ። ሰባ ዓመት አልፎኛል፤ ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለችው የቆርቆሮ ሱቅ የባጃጅ ጣሪያ እየሰፋሁ እውላለሁ። አዳማ ያለችው ልጄ በየሳምንቱ ደውላ ና እዚህ ኑር ትለኛለች፣ እኔም በየሳምንቱ መንገዱ አያስተማምንም እላታለሁ። መንገዱ እውነትም አንዳንድ ጊዜ አያስተማምንም፤ የኪራሙ ደንበኞቼ እንኳ ከመጡ ቆይተዋል። ነገር ግን ሰላም በነበረበት ዘመንም መልሴ ያው ነበር።

ሸራውን ያመጣው ልጅ ለሊሳ ይባላል፣ የአኖ መካኒክ ነው። «አካም ቡልተን ኦቦ» ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝና ታሪኩን ይዘረግፈው ጀመር። አያቱ እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ወታደራዊው መንግሥት በወደቀ ሰሞን አንዲት አሮጌ የጦር ጂፕ ከሐራጅ ገዝተው ጎተራቸው ሥር አቆሟት። ጣሪያዋን አውልቀው በቆሎ ሸፈኑበት፣ ወንበሯ ላይ ዶሮ እንቁላል ጣለች። እሱ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህም ከዚያም ዕቃ ለቃቅሞ አስነሣት፣ ቀለም ቀባት፤ ሰርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ ሙሽራዋን የሚያመጣት በእሷ ነው። የቀረው ጣሪያው ብቻ ነው። አሮጌውን ተርትሬ በልኩ አዲስ እንዳወጣለት፣ መስኮቱን ደግሞ ሰፋ እንዳደርግለት ለመነኝ። የዚህን ዓይነት ሸራ አቆራረጥ የሚያውቅ ከእርስዎ ሌላ ማን ቀረ ሲለኝ ደረቴ ትንሽ ተነፋ፤ አልዋሽም። ከዚያ ዝቅ ብዬ ሸራውን አየሁት።

ስለ እነዚህ መኪኖች የሚያወራ ሞልቷል። ሹፌሩ በሞተራቸው ያውቃቸዋል፣ ወታደሩ በዘመቱበት ያውቃቸዋል፣ እኔ የማውቃቸው በጣሪያቸው ነው። መጀመሪያ የመጣችው አሜሪካዊቷ ጂፕ ነበረች፤ ለሌላ ሰው ጦርነት ተሠርታ፣ ውቅያኖስ ተሻግራ ለኛ ሠራዊት የደረሰች፣ አጭር፣ ፊቷ እንደ ምድጃ ፍርግርግ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት፣ የፊት መስተዋቷ ኮፈኗ ላይ የሚተኛ። ሸራዋ ቀጭን ግን ጥብቅ ነው፣ ቀለበቶቿ የነሐስ ናቸው፣ ዝናብ ሲመታት ከበሮ ትመስላለች። ቀጥሎ ላንድሮቨር መጣ፤ እሱ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ ሐኪምም የወባ ሰውም የሚሳፈርበት፣ ሸራው በገመድ የሚወጠር ጨዋ መኪና ነው። ከዚያ ዘመን ተገለበጠና ዋዝ የሚሉት የሶሻሊስት አገር ጂፕ መጣ፣ ከኋላውም ኦራል የጭነት መኪና ተከተለ። የዋዝ ሸራ ወፍራም ነው፣ ሁለት መርፌ ሰብሮብኛል፣ ሽታውም ላምባ ላምባ ይላል። አሁን የሚሽከረከሩት ፒክአፖች ጣሪያ ብረት ስለሆነ ከእኔ ጋር ጉዳይ የላቸውም። ክረምት ላይ ወደ ኑኑ ቁምባ የሚወስደው መንገድ ጭቃ ሲሆን ሌላው ሁሉ ቆሞ ጂፗ ብቻ እያጓራች ስትወጣ አይቻለሁ፤ ሁለተኛዋን አጭር ማርሽ ሹፌሩ ሲያስገባት አራቱም እግሯ መሬቱን ይቧጥጣል። በዳገት ግን ከሰው እርምጃ አትፈጥንም። ይህን እዚህ ላይ የጻፍኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ያኔ፣ ንጉሡ ወርደው ወታደር መንግሥት በሆነ ሰሞን፣ ሱቄ ከገበያው ማዕዘን ነበረች፣ ከአንድ ሻይ ቤት ጎን። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ከአምባሻ ጋር በስሙኒ ነበር። ወጣቱ ሁሉ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ መንገድ የሚጠርግ ቤልቦተም ለብሶ ይወጣ ነበር፤ እኔም የራሴን ከላንድሮቨር ሸራ ትራፊ ሰፍቼ ለብሼ መንደሩ ሲስቅብኝ ሰንብቷል። ስቀመጥ እንደ ካርቶን ይንኳኳ ነበር። ከሻይ ቤቱ ራዲዮ ማንዶሊን ያለበት ዘፈን ይወጣል፣ ዜና ሰዓት ሲሆን አንዱ ተነሥቶ ድምፁን ይቀንሰዋል። በዚያ ጊዜ ጓደኛዬ ደበላ ነበር። ደበላ የሒሳብ መምህር ነው፣ ትውልዱ ኑኑ ቁምባ፣ አባቱ ንብ አርቢ። እዚያ ቀፎ የሚሰቀለው ከረጅም ዛፍ ጫፍ ነውና ገመዱን የሚቋጥሩበት የራሳቸው መላ አላቸው፤ ሦስት ጊዜ ይዞርና ጫፉ ወደ ኋላ ተመልሶ ይገባል፣ ሸክም ሲበዛበት ይበልጥ ይጠብቃል። ደበላ ሁሉን ነገር የሚቋጥረው በዚያ ነበር፤ የተማሪ ደብተር፣ የብስክሌት ጭነት፣ የገዛ ጫማውን ሳይቀር። የአመሉ አመል ደግሞ የተንጠለጠለ ክር ካየ አያልፍም፤ ከማያውቀው ሰው ኮት ላይ እንኳ ቋጥሮ ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል። ሚስቱ ሌንሴ ከቤት ሳይወጣ የሹራቤን ክር ሁሉ ይፈትሻል እያለች ትስቅበት ነበር። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ እሱ የጸሎት ቤት ሰው፤ ሁዳዴ ሲመጣ ሥጋ እያሳየ ያሾፍብኛል፣ እኔም በጸሎት ቤቱ መዘምራን አሾፍበታለሁ፤ እንዲህ ስንባባል ዓመታት ሄዱ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጂፗ ሱቄ በር ላይ ቆመች። ለአንድ ጽሕፈት ቤት ተሰጥታ ነበር፤ የትኛው ጽሕፈት ቤት እንደሆነ ያኔም ጮክ ብሎ የሚጠራው አልነበረም። የመጣው ሰው ትሑት ነበር፣ ሰላምታ አላጓደለም። የፈለገው የጎን መስኮቶቹ እንዲሰፉ ነው፤ የሚታጠፉት የሸራ መስኮቶች በዙሪያቸው ከጣሪያው ጋር ተሰፍተው እንዳይከፈቱ፣ በሹፌሩና በኋላ ወንበር መካከልም መጋረጃ እንዲገባ። የኋላውን በር እነሱ በውጭ በሰንሰለት ይቆልፉታል። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ የታሰረ ሰው መውሰጃ እንደሆነች ገብቶኛል። አንድ ጠባቂ ትቶልኝ ሄደ፣ ጠባቂውም ከባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሲጋራውን አቀጣጠለ። ሸራው እላይዋ ላይ እንደተወጠረ ስለሆነ በስፌት መኪና አይሰፋም፤ ወስፌዬን ይዤ ውስጧ ገባሁ።

እኔ ጀግና አይደለሁም። ሁለቱን ጎን ጨርሼ ጨለማውን ሳየው ግን አንድ ነገር ጨመደደኝ። የጆንያ አፍ የሚሰፋበትን ስፌት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ጫፉን ያገኘ ሰው አንዴ ሳብ ቢያደርገው እስከ መጨረሻው ይተረተራል፣ ጫፉን ያላገኘ ቢላዋ ያስፈልገዋል። የቀኙን መስኮት ፈታሁና እንደገና በዚያ ስፌት ሰፋሁት። ከውጭ ሲያዩት ከግራው አይለይም፣ በቡጢ ቢመቱትም አይነቃነቅም። ጫፉን አልዘጋሁትም፤ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ፣ ወንበሩ ጋ፣ የተቀመጠ ሰው እጅ በሚደርስበት ተውኩት። ጂፗ የዴዴሳን ዳገት ስትወጣ ከሰው እርምጃ አትፈጥንም፣ ጫካውም መንገዱ ዳር ድረስ ነው። ያሰብኩት ይህን ነበር። ሞኝ ሐሳብ ሊሆን ይችላል፣ ያለኝ ግን እሱ ነው።

ደበላ የመጣው ያኔ ነው። ሻዩን ይዞ ከኋላዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ለዶሮ ነው ወይ ይሄ ሁሉ ስፌት ብሎ አሾፈ። ከዚያ ዐይኑ አረፈ።

«ታደሰ፣ እዚህ ጋ ክር ተንጠልጥሏል።»

«ተወው፣ እመለስበታለሁ።»

ሊቋጥረው እጁን ሲሰድ እጁን መታሁት። ሳቀ። አንተም እንዲህ ያለ ሥራ መልቀቅ ጀመርክ ብሎ ሲጋራ ወደሚያጨሰው ጠባቂ አየ፣ እኔም አየሁ፣ ነገሩ በዚያው አለፈ። ጠባቂው አሥር እርምጃ ላይ ነበር፤ ያን ቀን ባልነግረው ይፈረድልኛል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ነበረኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከደበላ ጋር ስንት ሻይ ጠጣሁ። ልነግረው አፌን ከፍቼ ወሬውን ወደ እግር ኳስ የመለስኩበት ቀን ነበር። አንድ ሰው ካወቀ ሁለት ሰው ያውቃል፣ ሁለት ካወቀ ወደ እኔ ይመጣሉ እያልኩ ፈራሁ። ፈራሁ ነው እውነቱ፣ ሌላ ስም የለውም።

ሰኞ ቀን ከክፍል ጠርተው ወሰዱት፣ ኮቱ ላይ ጠመኔ እንደነበረ ተማሪዎቹ ተናግረዋል። ጂፗ በሱቄ ፊት ወደ ዴዴሳ መንገድ ስታልፍ ቆሜ ነበር። ደበላን አላየሁም፤ ያየሁት የራሴን ስፌት ነው። ጂፗም እሱም ወደ ነቀምቴ አልተመለሱም። በሦስተኛው ቀን ሌንሴ ልጇን አዝላ ሱቄ መጣች። የትም ጠይቃ መልስ አላገኘችም። እኔም ያንን ክር እያሰብኩ፣ ያንን ዳገት እያሰብኩ፣ ጠብቂው፣ ሊያመልጥ ይችላል አልኳት። ምን ታውቃለህ ስትለኝ ምንም፣ ልቤ ነው አልኩ። በሕይወቴ ካወጣሁት ቃል ሁሉ ብመልሰው የምወደው ያን ነው።

ጠበቀችው። ሰው መርዶ ሊያረዳት አልቻለም፣ የሞተበትን ቀን የሚያውቅ የለምና። ጥቁር አልለበሰችም፣ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ከጊምቢ የመጣ ደኅና ሰው ሊያገባት ጠይቆ ባሌ መንገድ ላይ ነው ብላ መለሰችው። ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ደብተርና እስክሪብቶ የምትሸጥበት ሱቅ ከፈተች፤ ልጇን በዚያ አሳደገች። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የደበላን ብስክሌት እየገፋች መጥታ ከሱቄ አጠገብ ካለው ጎሚስታ ጎማውን ታስነፋ ነበር። ማንም አይጋልበውም። እሷ ትመጣለች፣ እኔ ከሱቄ አያታለሁ፣ በኦሮምኛ ሰላም ስትለኝ «ነጋ ታደሰ» ትለኛለች፣ «ነጋ አዴ ሌንሴ» እላለሁ፣ ጎማው ይነፋል፣ ትሄዳለች። ከከተማው ልሄድ ስንት ጊዜ ዕቃ ሸክፌአለሁ። ብሄድ ማን እንደሚነግራት እያልኩ እቀራለሁ፣ ብቀር ደግሞ አልነግራትም። አንዳንድ ጊዜ ራሴን አጽናናለሁ፤ ጫፉን አግኝቶት፣ ስቦት፣ ወርዶ፣ ሱዳን ገብቶ አርጅቷል እላለሁ። በዚህ ሐሳብ አርባ ዓመት ተኝቻለሁ።

እና አሁን ለሊሳ ሸራውን ከደጃፌ ዘርግቶልኝ ቆሟል። የግራውን መስኮት አየሁ፣ የቀኙን ገለበጥኩ። የተሰፋ ነው። ከላይ እስከ ታች የእኔ ስፌት፣ አንድም ቦታ አልተነካም። ጫፉ የተውኩበት ቦታ ላይ ነው። ግን አልተንጠለጠለም፤ ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ገብቶ ተቋጥሯል። ክሩ እዚያ ጋ ብቻ በሰው እጅ ወዝ ጠቁሯል። ለሊሳ ኦቦ ምን አዩ አለኝ። ልኩን ልውሰድ፣ ሐሙስ ተመለስ አልኩት። የሄደ ሲመስለኝ ቋጠሮውን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። በጨለማ ውስጥ ጫፉን አግኝቶት ነበር። አግኝቶትም ቋጠረው።

መርዶ እንደ ሥርዓቱ ጎሕ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ይዞ ነው የሚነገረው። ሽማግሌ ብሰበስብ ለእነሱም መንገር ሊኖርብኝ ሆነና ብቻዬን ሄድኩ። መስኮቱን በዙሪያው ካለው ሸራ ጋር ከጣሪያው ቆርጬ ይዤዋለሁ። ሌንሴ የሱቋን መዝጊያ እያነሣች ነበር፤ ፀጉሯ ነጭ ሆኗል፣ ወገቧ ግን ቀጥ እንዳለ ነው።

«አንተ ታደሰ፣ በዚህ ሰዓት ምን አመጣህ?» አለች። ከኋላዬ ሰው ይኖር እንደሆነ አየች። «ብቻህን ነህ?»

ብቻዬን መሆኔ ትንሽ እንዳረጋጋት ገባኝ፣ ያ ደግሞ ይበልጥ ገደለኝ። በደብተሮቹ መካከል ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰውየውን፣ የጆንያውን ስፌት፣ የመታሁትን እጅ፣ ሁለቱን ሳምንት፣ ጠብቂው ያልኩበትን ምክንያት። ስጨርስ የት ጋ ነው ብላ ሸራውን ከጉልበቴ ወሰደችው። ቋጠሮውን ለማወቅ መነጽር አላስፈለጋትም።

«የእሱ ነው» አለች። «ለምን ቋጠረው?»

«አላውቅም፣ አዴ።»

«ሥራህን ሳትጨርስ የለቀቅክ መስሎት ይሆናል። ወይ ገብቶት፣ ክሩን ቢያዩት አንተን ይይዙሃል ብሎ ይሆናል።» ቀና ብላ አየችኝ። «ብትነግረው ኖሮ ዛሬ ይህን አንጠያየቅም ነበር።»

የቀፎ ቋጠሮ ሲጎትቱት ይጠብቃል፤ የሚፈታው ጫፉን ወደ ኋላ ሲገፉት ነው። ይህን እኔ አላውቅም ነበር፣ እሷ ታውቃለች። በጥፍሯ ገፋ አደረገችው፣ ለቀቀ። ከዚያ ጫፉን ይዛ ሳብ አደረገች። ክሩን ያኔ በደንብ በሰም አሽቼው ነበርና አልተበጠሰም። ከታች ጀምሮ ጥርርር እያለ ዞረ፣ ማዕዘኑን ታጠፈ፣ ወጣ፣ መጨረሻው ደረሰ፤ የመስኮቱ ሸራ ጭኗ ላይ ወደቀ። አንድ ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ አልፈጀም። ሁለታችንም ባዶውን ቀዳዳ እያየን ቀረን።

«ይከፈት ነበር» አለች። ክሩን በጣቷ ላይ ስትጠቀልል ቆየችና ቀስ ብላ፣ «እኔን ደግሞ በምን ሰፋኸኝ?» አለችኝ።

ይቅር በይኝ ለማለት አፌን ስከፍት እጇን አነሣችብኝ። ሂድና ከእድር ድንኳን አምጣ አለችኝ፣ አንተው ትከለው።

የለሊሳን ጣሪያ በኋላ ጨርሼ ሰጥቼዋለሁ። አሮጌውን አልተረተርኩትም፤ ጋዜጣ ዘርግቼ ልኩን አወጣሁና ቀሪውን እኔው ጋ አስቀረሁት። መስኮቶቹ ሰፊ ናቸው፣ ቁልፋቸው ከውስጥ ነው፣ ሕፃን ልጅ ሊከፍታቸው ይችላል። ለምን እንዲህ እንዳበዛሁት ጠይቆኛል፣ ሙሽራዋ ሙቀት እንዳይበዛባት ነው አልኩት። ሰርጉ ላይ አልተገኘሁም፣ አኖ ድረስ የሚወስድ መኪና ያን ሰሞን አልነበረም።

ድንኳኑን ግን በዚያው ጠዋት ተከልኩት። የእድሩን ድንኳን ድሮ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ የትኛው ገመድ የት እንደሚገባ ዐይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ሌንሴ ጥቁር ለብሳ ወጥታ ከመካከል ተቀመጠች፣ እኔን ከጎኗ አስቀመጠችኝ፤ ልነሣ ብል የት ልትሄድ አለችኝ። ሰዎች ከመንገድ ላይ ድንኳኑን እያዩ ግራ እየገባቸው ይገቡ ጀመር። አንዲት ጎረቤት፣ ደበላ ከተወሰደ በኋላ የተወለደች ጎልማሳ ሴት፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ማን ሞተ ብላ ጠየቀቻት።

«ባሌ» አለች ሌንሴ።

«መቼ፣ አዴ?»

ሌንሴ ጣቷ ላይ የጠቀለለችውን ክር እያየች መለሰች።

«ዛሬ ጠዋት።»